የቆመ መኪና፣ የተለፋበት ገንዘብ



የዛሬው ንግግሬ ስለ መኪና ዋጋ ነው። ለነጋዴና ለሾፌር ብቻ የሚሆን ርእስ ይመስላል፤ ግን በሀዲያና በከምባታ ከተሞች ስለ መኪና ዋጋ ማውራት ስለ ልጆቻችን ላብ ማውራት ነው። ከሃያ ዓመት በላይ ከዚህ አካባቢ ወጣቶች ወደ ደቡብ አፍሪካ ሲጎርፉ ኖረዋል። ከጆሃንስበርግ፣ ከኬፕታውንና ከየገጠር ከተሞቹ ሱቅ የሚላከው ገንዘብ እዚህ ሲደርስ ብዙውን ጊዜ ቤት ይሆናል፣ ሱቅ ይሆናል፣ መኪና ይሆናል። መኪና የሚገዛው ቤተሰብ ሁሉ ደግሞ ሊሠራበት አይደለም። «መኪና አይከስርም፤ ግዛና አቁመው፣ ዋጋው ራሱ ይወጣል» የሚለው ምክር በየቤቱ ይሰማል። ይህ ምክር ምን ያህል እውነት ነው? የቆመ መኪና ሀብት ነው ወይ? ዛሬ አብረን የምንመረምረው ይህንን ነው።

ለዚህ ምርመራ መጀመሪያ ወደ አሜሪካ እወስዳችኋለሁ። እዚያ ሰዎች አሮጌ መኪናን እንደ ወርቅና እንደ መሬት ገዝተው ሲያስቀምጡ ብዙ ዐሥርት ዓመታት ቆጥረዋል። ጨረታው በአደባባይ ስለሚካሄድ ዋጋውን የሚያወጣውና የሚያወርደው ነገር በግልጽ ይታያል። ከዚያ ወደ አገራችን ተመልሰን የእኛን ዋጋ በዚያ መለኪያ እንመዝነዋለን። የውጭውን ታሪክ ስናገር በአውሮፓ አቆጣጠር፣ የአገራችንን ስናገር በራሳችን አቆጣጠር እጠቀማለሁ።

መስል ካር የሚባሉት ጉልበተኛ የአሜሪካ መኪኖች ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚጀመረው ከ1964 ነው። በዚያ ዓመት ፖንቲያክ የተባለው ፋብሪካ ለትልልቅ መኪኖች የተሠራውን 6.4 ሊትር ሞተር ቴምፔስት በተባለ መካከለኛ መኪናው ላይ ገጠመና ጂቲኦ ብሎ ሰየመው። የፋብሪካው ዋና መሐንዲስ ጆን ዴሎሪያን ነበር። መኪናው 325 የፈረስ ጉልበት ነበረው፤ በመጀመሪያው ዓመት ብቻ ከ32 ሺህ በላይ ተሸጠ። በዚያው ዓመት በኤፕሪል ወር ፎርድ ማስታንግን በ2,368 ዶላር መነሻ ዋጋ አወጣ፤ በአንድ ዓመት ውስጥ ከ400 ሺህ በላይ ሸጠ። ሌሎቹም በዚያው ዘመን መጡ፤ ፕሊመዝ ባራኩዳ፣ ዶጅ ቻርጀር፣ ሼቭሮሌ ካማሮ፣ ዶጅ ቻሌንጀር ወጡ። ክራይስለር ሄሚ የተባለውን 7 ሊትር ሞተር በ425 የፈረስ ጉልበት ለመንገድ መኪና አቀረበ። በ1970 ሼቭሮሌ ሼቬል ላይ የተገጠመው ትልቁ ሞተር 450 ደረሰ።

ገዢዎቹ እነማን ነበሩ? ከጦርነቱ በኋላ የተወለዱ ወጣቶች፣ የመጀመሪያ ደመወዛቸውን የተቀበሉ የፋብሪካ ሠራተኞች፣ ከወታደር ቤት የተመለሱ ልጆች ነበሩ። መኪናው የሀብታም ዕቃ አልነበረም። የሠራተኛ ልጅ የሚመኘው፣ ሲሠራም የሚደርስበት ነገር ነበር። ይህን ያዙልኝ፤ ከሠላሳና ከአርባ ዓመት በኋላ ለሚመጣው ዋጋ ዋናው ምክንያት ይህ ነው።

ከዚያ ዘመኑ በአጭር ጊዜ አለቀ። የኢንሹራንስ ድርጅቶች በጉልበተኛ መኪና ላይ ከባድ ክፍያ ጫኑ። በ1970 የአየር ብክለት ሕጉ ጠበቀ። በኦክቶበር 1973 የመካከለኛው ምሥራቅ ጦርነት ተነሣ፤ የዐረብ ነዳጅ አምራቾች ማዕቀብ ጣሉ፤ 3 ዶላር ገደማ የነበረው በርሜል በጥቂት ወራት ወደ 12 ዶላር ተጠጋ። ያ ዋጋ እኛም ዘንድ ደርሷል። በየካቲት 1966 የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች በነዳጅ ዋጋ ምክንያት ሥራ አቆሙ፤ የአብዮቱ ማዕበል ሲነሣ ከታዩት የመጀመሪያ ምልክቶች አንዱ ያ ነበር። ዲትሮይት ላይ አንድን የመኪና ዘር ያጠፋው የነዳጅ ዋጋ እዚህ አገር ዙፋን ሲነቃነቅም ድርሻ ነበረው።

ነዳጅ ሲወደድ እነዚያ መኪኖች ሸክም ሆኑ። ገዢ አጡ፤ በየጓሮው ቆመው ዛጉ፤ ብዙዎቹ ለብረት ተሸጡ። አንዱ ግን ከሁሉ የተለየ ዕድል ገጠመው። ቡሊት በተባለው የ1968 ፊልም ተዋናዩ ስቲቭ ማክዊን የነዳው ማስታንግ ነው። በ1974 አንድ ቤተሰብ በ6 ሺህ ዶላር ገዛው፤ እንደ ማንኛውም የቤት መኪና ነዱት፤ ከዚያ ለብዙ ዓመታት አቆሙት። በጃንዋሪ 2020 በፍሎሪዳ ኪሲሚ በሜከም ጨረታ ላይ ቀረበና 3.4 ሚሊዮን ዶላር ተጠራበት፤ ከጨረታ ክፍያው ጋር ገዢው የከፈለው 3.74 ሚሊዮን ዶላር ነው።

ይህን የሰማ ሰው «እንግዲያው አሮጌ መኪና ወርቅ ነው» ብሎ ቢነሣ አይፈረድበትም። ነገር ግን በዚያው በ1968 የተሠራ፣ በዚያው ፋብሪካ የወጣ፣ ያው ሞዴል የሆነ ፊልም ያልነካው ማስታንግ ጂቲ ገበያ ላይ ብዙውን ጊዜ የሚያወጣው በዐሥር ሺዎች የሚቆጠር ዶላር ነው። ብረቱ አንድ፣ ሞተሩ አንድ ሆኖ ዋጋው ከሠላሳ እጥፍ በላይ ተለያየ። ስለዚህ ገዢው የከፈለው ለብረቱ አይደለም ማለት ነው። ለምንድን ነው የከፈለው? አራት ነገሮችን ለይቼ ላሳያችሁ።

የመጀመሪያው ብዛት ነው። በ1971 ፕሊመዝ ጣሪያው የሚከፈት፣ ሄሚ ሞተር የተገጠመለት፣ ኩዳ የተባለ ባራኩዳ የሠራው 11 ብቻ ነው። ሞተሩ ውድ ነበር፤ ኢንሹራንሱ ከባድ ነበር፤ ስለዚህ የሚገዛው ጠፋ። ያን ጊዜ ገዢ በማጣቱ ጥቂት ቀረ፤ ጥቂት በመቅረቱ በ2014 ሲያትል ላይ አንዱ በ3.5 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። በዚያው ዓመት በብዛት የወጣው ትንሽ ሞተር ያለው ባራኩዳ ከዚህ ዋጋ አጠገብም አይደርስም።

ሁለተኛው ማስረጃ ነው። አካሉ አንድ ዓይነት ስለሆነ ትንሽ ሞተር የነበረውን መኪና ትልቅ ሞተር ገጥሞ፣ ቀለም ቀብቶ፣ ምልክት ለጥፎ ማስመሰል ይቻላል። ስለዚህ የአሜሪካ ገዢ መጀመሪያ የሚያየው ቀለሙን አይደለም። የሞተሩ ቁጥር ከሻንሲው ቁጥር ጋር ይስማማል ወይ? ፋብሪካው ሲገጣጥመው የጻፈው ወረቀት አለ ወይ? ከመጀመሪያው ባለቤት እስከ ዛሬው ድረስ በማን እጅ እንደቆየ ይታወቃል ወይ? ይህ ከሌለ ዋጋው ይወድቃል።

ሦስተኛው ያልተነካካ መሆን ነው። የራሱ ሞተር፣ የራሱ ካምቢዮ፣ የፋብሪካው ላሜራ ያለበት መኪና፣ ቀለሙ ቢደበዝዝ እንኳ፣ አምሮ ከተለዋወጠው መብለጥ ከጀመረ ቆይቷል።

አራተኛውና ትልቁ ትውልድ ነው። ሰው በዐሥራ ስምንት ዓመቱ የተመኘውን መኪና በሃምሳ ዓመቱ ገንዘብ ሲያገኝ ይገዛዋል። በ1960ዎቹ ወጣት የነበሩት አሜሪካውያን በ1990ዎቹና በ2000ዎቹ ልጆቻቸውን አሳድገው፣ የቤት ዕዳቸውን ጨርሰው ወደዚህ ገበያ ገቡ። ዋጋውን ያወጡት እነርሱ ናቸው። ዛሬ ግን አርጅተዋል፤ ከሚገዙት የሚሸጡት እየበዙ ነው። ልጆቻቸው የሚመኙት ሌላ ነው። በጁን 2021 ላስ ቬጋስ ላይ ፋስት ኤንድ ፊውሪየስ በተባለው ፊልም የታየ የ1994 ቶዮታ ሱፕራ በ550 ሺህ ዶላር ተሸጧል። የናፍቆት ገበያ ናፋቂው ሲያልፍ አብሮት ያልፋል።

እንግዲህ የአሜሪካው ገበያ ወደፊት ምን ይጠብቀዋል ለሚለኝ የምመልሰው ይህንን ነው። በቁጥር ጥቂት፣ በማስረጃ የጸና፣ ያልተነካካ መኪና ዋጋውን ይዞ የመቆየት ዕድል አለው። በመቶ ሺዎች የተሠራው ተራው መስል ካር ግን ገዢው እያነሰ ይሄዳል። ደግሞም ዋጋው በቀጥታ እየወጣ የመጣ አይደለም። ከ2008 የፋይናንስ ቀውስ በፊት ጣሪያ የነካው ዋጋ ከቀውሱ በኋላ ወደቀ፤ ተበድረው የገዙ ሰዎች በኪሳራ ሸጡ። በኮሮና ጊዜ ወለድ ርካሽ ሲሆን እንደገና ወጣ፤ ከ2022 በኋላ ወለድ ሲጨምር ቀዘቀዘ። በዚህ ሁሉ ጊዜ ባለቤቱ ለማቆሚያ ቦታ፣ ለኢንሹራንስና ለጥገና ይከፍላል። ብዙ ጊዜ አሮጌውን መኪና ወደ ቀድሞ መልኩ ለመመለስ የሚወጣው ወጪ መኪናው ከሚያወጣው ይበልጣል።

ይህ ሕግ የአሜሪካ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ልጆቻችን በሚኖሩበት ደቡብ አፍሪካ በ1973 የካማሮን 5 ሊትር ሞተር ትንሹ ሼቭሮሌ ፊሬንዛ ላይ ገጥመው ካን-አም ያሉትን መኪና ሠርተው ነበር። የተሠራው 100 ብቻ ነው። ዛሬ የአገሪቱ መኪና ወዳጆች በጥብቅ የሚፈልጉት ነው፤ ምክንያቱም ቁጥሩ የታወቀ፣ ታሪኩ የተመዘገበ ነው።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። ቮልስን ውሰዱ። ቮልስ በዓለም ላይ ከ21.5 ሚሊዮን በላይ ተሠርቷል፤ የመጨረሻው በጁላይ 2003 ሜክሲኮ ፑየብላ ላይ ከፋብሪካ ወጣ። በአሜሪካው መለኪያ ብዛቱ ብቻ ርካሽ ሊያደርገው በተገባ ነበር። እኛ ዘንድ ግን ከጥቂት ዓመታት በፊት በዐሥር ሺዎች ብር ይሸጥ የነበረው ቮልስ ዛሬ በመቶ ሺዎች ይጠራበታል። ዲኤክስ የምንለው ቶዮታ ኮሮላም እንዲሁ ነው። የአርባ ዓመት ዕድሜ ያለው ኮሮላ ሌላ አገር ለብረት በሚሸጥበት ጊዜ እኛ ዘንድ ደላላ ይሻማበታል። ይህን ዋጋ ያመጣው ናፍቆት ነው? ብርቅነት ነው? የፋብሪካ ወረቀት ነው? አንዱም አይደለም።

የእኛን ዋጋ ያወጡት ሌሎች ነገሮች ናቸው። አንደኛ፣ ለዓመታት የዘለቀው የውጭ ምንዛሪ እጥረት ነው፤ መኪና የሚያስመጣው ሰው ዶላር ማግኘት አልቻለም። ሁለተኛ፣ የተደራረበው ቀረጥ ነው። በአንድ የቤት መኪና ላይ የጉምሩክ ቀረጡ እስከ 35 ከመቶ ይደርስ ነበር፤ ኤክሳይዝ ይጨመራል፤ 15 ከመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ፣ 10 ከመቶ ሱር ታክስ ይከተላል። በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ደግሞ ባገለገሉ መኪኖች ላይ እጅግ ከባድ ታክስ ጣለ፤ መኪናው ባረጀ ቁጥር ታክሱ ይከብዳል። ሦስተኛ፣ በጥር 2016 መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ እንደሚከለክል አስታወቀ። አራተኛ፣ ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ፤ በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ።

አስተውሉ። ከእነዚህ ከአራቱ ስለ መኪናው የሚናገር አንድም የለም። ሦስቱ ስለ ተዘጋ በር ይናገራሉ፤ አራተኛው ስለ ብራችን። መኪናችን ዋጋው ሲወጣ መኪናው የተሻለ አልሆነም፤ በሩ ጠበበ፣ ብሩ ሳሳ።

ይህን በቁጥር እናስላው። አንድ ሰው ምንዛሪው ከመለወጡ በፊት መኪና በ600 ሺህ ብር ገዛ እንበል። ዶላር በ57 ብር ሲሰላ መኪናው 10,500 ዶላር ገደማ ነው። መኪናውን አቆመው፤ ዶላር 125 ብር ሲሆን በ1 ሚሊዮን ብር ሸጠው። በብር 400 ሺህ አተረፈ። ጎረቤቱ እንኳን ደስ ያለህ ይለዋል። በዶላር ግን በእጁ ያለው 8 ሺህ ነው፤ 2,500 ዶላር ገደማ ጠፍቶበታል። ያ ገንዘብ ከደቡብ አፍሪካ በራንድ የመጣ፣ ልጁ እንደገና ለዕቃ መግዣ የሚፈልገው ገንዘብ ከሆነ፣ ቤተሰቡ ትርፍ ያለው ነገር ኪሳራ ነው። በእርግጥ ብሩን ባንክ ውስጥ አስቀምጦት ቢሆን ከዚህም የባሰ ይጎዳ ነበር፤ ለዚህ ነው ሰው መኪና መግዛቱ ትክክል የሚመስለው። መኪናው ከብር የተሻለ መጠለያ ነበር፤ እውነት ነው። ይሁን እንጂ ገንዘቡን ከከፊል ጉዳት አዳነለት እንጂ አላበዛለትም። ዋጋ መጨመርና ሀብት መጨመር ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ይህን ልዩነት አባቶቻችን አሳምረው ያውቁት ነበር። በሀዲያ ባህል መቶ ከብት የሞላለት ሰው በሥርዓት ይከበር ነበር፤ ሺህ የሞላለት ከዚያ በላይ ክብር ነበረው። የሚከበረው ከብቶቹ ገበያ ላይ ስለተወደዱ አልነበረም። ላሟ ትወልዳለች፣ ትታለባለች፤ ፍጉ የእንሰቱን ጓሮ ያለመልማል። ባለቤቱ በሚጠብቅበት ጊዜ ሀብቱ እየሠራ ነው። በግቢ የቆመ መኪና ግን አይወልድም፤ ጎማው ይደርቃል፣ ባትሪው ይሞታል፣ ቦሎው ይጠየቃል።

ስለዚህ በመኪና ላይ ያለኝ ምክር ከሁሉ አስቀድሞ የቆመውን ከሚሠራው መለየት ነው። ከገጠር ስንዴ ጭኖ ወደ ወፍጮ ፋብሪካ የሚያመላልስ አይሱዙ፣ ከሆሳዕና ዱራሜ ሰው የሚያደርስ ሚኒባስ፣ በከተማው ውስጥ የሚዞር ባጃጅ፤ እነዚህ የሥራ መሣሪያ ናቸው። ባለቤታቸው ዋጋ እስኪወጣ አይጠብቅም፤ በየቀኑ ያስገባል። ግን እዚህም ላይ ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳትበት አንድ ሂሳብ አለ። ሾፌሩ ማታ የሚያስረክበው ገንዘብ ሁሉ ትርፍ አይደለም። ከውስጡ የነዳጅና የጎማ፣ የፍሪሲዮንና የሞተር ማውረጃ ወጪ አለ፤ ከዚያ በላይ ደግሞ መኪናው ራሱ እያለቀ ነው። ከስምንት ዓመት በኋላ ሌላ መኪና የሚገዛበትን ገንዘብ ከዕለት ገቢው ቀንሶ ያላስቀመጠ ሰው መኪናውን በቁራሽ እየበላው ነው። ብራችን እየረከሰ ሲሄድ ደግሞ የሚቀመጠው መጠን በገዛንበት ዋጋ ሳይሆን አዲሱ በሚያወጣው ዋጋ መሰላት አለበት።

ወደፊትስ? የአገራችን የነዳጅ መኪና ዋጋ የት ይደርሳል? ሁለት ኃይሎች ወደ ሁለት አቅጣጫ ይጎትቱታል። ወደ ላይ የሚጎትተው ግልጽ ነው። አዲስ የነዳጅ የቤት መኪና ካልገባ ያለው ተፈላጊ ይሆናል። ለገጠር መንገድ፣ ለዝናብና ለጭቃ፣ ኃይል መሙያ ለሌለበት ቦታ ላንድክሩዘርና ሃይሉክስ ገና ለብዙ ዓመት ይፈለጋሉ።

ወደ ታች የሚጎትተውም ቀላል አይደለም። ተገጣጥሞ የሚገባ የኤሌክትሪክ መኪና የጉምሩክ ቀረጥ ወደ 15 ከመቶ ዝቅ ብሏል፤ ተበታትኖ መጥቶ እዚህ የሚገጣጠመው ከዚያም ያነሰ ይከፍላል። የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር እንዳለው የኤሌክትሪክ መኪኖች ቁጥር ከ100 ሺህ አልፏል። የቤንዚን ዋጋ በሊትር ከ100 ብር በላይ ሆኗል። ከአዲስ አበባ ሆሳዕና ያለው ርቀት 230 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በመንገዱ ላይ ያሉ ከተሞች የኃይል መሙያ ሲኖራቸው የነዳጅ የቤት መኪና አንድ ትልቅ ብልጫውን ያጣል። ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ ዋጋውን ያወጣው የመንግሥት ውሳኔ መሆኑን አንርሳ። በአንድ ውሳኔ የወጣ ዋጋ በሌላ ውሳኔ ሊወርድ ይችላል። የአሜሪካው ሄሚ ኩዳ 11 መሆኑን ማንም ሚኒስትር ሊቀይረው አይችልም፤ የእኛ ዲኤክስ መወደድ ግን በመንግሥት ደብዳቤ የመጣ ነው፣ በደብዳቤም ሊሄድ ይችላል።

አሮጌ መኪናን ከልባችሁ የምትወዱ፣ ከአባታችሁ የተረከባችሁት ቮልስ ወይም ላንድሮቨር በግቢያችሁ ያለ ወገኖችም እዚህ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ለእናንተ የምለው ሌላ ነው። የአሜሪካው ትምህርት በቀጥታ ይጠቅማችኋል። አትለዋውጡት። የራሱ ሞተር ካለው ጠግኑት፤ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ወዳለው የመለዋወጫ ገበያ ሄዳችሁ ሌላ ሞተር ከመግጠማችሁ በፊት የሞተሩና የሻንሲው ቁጥር ከሊብሬው ጋር እንደተስማማ መቆየቱ ዋጋ እንዳለው አስቡ። የድሮውን ሊብሬ፣ የግዢ ደረሰኝ፣ አባታችሁ አጠገቡ ቆመው የተነሡትን ፎቶ በአንድ ላይ አስቀምጡ። ዓለም ዛሬ ከሩጫ መኪና አልፎ የሥራ መኪናም እየፈለገ ነው፤ እስከ 1984 የተሠራው ቶዮታ ላንድክሩዘር ኤፍጄ 40 በደንብ ሲታደስ አሜሪካ ውስጥ ከ50 ሺህ ዶላር በላይ ያወጣል። ይህን የምላችሁ ነገ ትሸጡታላችሁ ብዬ አይደለም። የያዛችሁት የአገር ታሪክ ነው፤ በፍቅር ያዙት፤ የልጆቻችሁን ትምህርት ቤት ክፍያ ግን በእርሱ ላይ አታስሉ።

ገንዘቡስ የት ይግባ ለሚለኝ፣ አንድ መልስ ለሁሉ የለም። ከእቁብና ከመሬት ሌላ አዳዲስ በሮች ተከፍተዋል። በጥቅምት 2017 ኢትዮ ቴሌኮም አክሲዮኑን በ300 ብር፣ በትንሹ 33 አክሲዮን፣ ለሕዝብ መሸጥ ጀመረ፤ 10 ሺህ ብር ገደማ የያዘ ሰው ባለድርሻ መሆን ቻለ። ጥር 2 ቀን 2017 የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ ተመረቀ። አክሲዮንም ሊወድቅ ይችላል፤ ማንም ሰው ያለውን ሁሉ አንድ ቦታ አያስገባ። ነገር ግን በሥራ ላይ ያለ ድርጅት ድርሻ ባለቤቱ ሲተኛም ይሠራል፤ ሂሳቡም በየዓመቱ ይታያል።

የአሜሪካውን ገበያ ደግሜ ስመለከት የሚያስደንቀኝ ሌላ ነገር አለ። በዚያ ማስታንግ ጨረታ ላይ የተጠራው 3.4 ሚሊዮን፣ የተከፈለው 3.74 ሚሊዮን ነበር ብያችኋለሁ። በመካከል ያለው 340 ሺህ ዶላር የጨረታ ቤቱ ድርሻ ነው። ዋጋ ወጣም ወረደም የጨረታ ቤቱ ያገኛል። ላሜራ የሚያቃናው፣ ሞተር የሚያድሰው፣ የጠፋ መለዋወጫ የሚሠራው፣ ማስረጃ የሚመረምረው ባለሙያም ያገኛል። ብዙ ባለመኪኖች በ2008 ከሰሩ፤ እጁ ሙያ ያለው ሰው ግን መኪናው የማንም ይሁን ሥራ ነበረው።

ይህ ለከተማችን ትልቅ ትምህርት ነው። ነሐሴ 2015 የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት ሆሳዕና የክልሉ ዋና መቀመጫ ሆነች፤ የመሥሪያ ቤት መኪና፣ የጭነት መኪና፣ የሕዝብ ማመላለሻ እየጨመረባት ነው። እነዚህን ሁሉ ማን ይጠግናቸዋል? የኤሌክትሪክ መኪና ባትሪ ሲደክም ማን ይመረምረዋል? ዛሬ እዚህ የሠለጠነ ባለሙያ ካልተገኘ መኪናው በጭነት ተጭኖ አዲስ አበባ ይሄዳል፤ ገንዘቡም አብሮት ይሄዳል። ዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ እዚሁ ከተማችን ውስጥ ነው፤ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች አሉን፤ በየጋራዡ በእጁ ነገር የሚያውቅ ወጣት አለን። ለቆመ መኪና ከሚወጣው ገንዘብ ትንሹ ክፍል ለአንድ ልጅ ሥልጠና፣ ለመመርመሪያ መሣሪያ፣ ለደረጃውን የጠበቀ ጋራዥ ቢውል የሚያስገኘው ገቢ በምንዛሪና በደብዳቤ የሚገለበጥ አይደለም።

ይህን በብርቱ የምናገረው ገንዘቡ ከየት እንደመጣ ስለማውቅ ነው። በመጋቢት 2012 በሞዛምቢክ ቴቴ አውራጃ በአንድ ኮንቴይነር ውስጥ 64 ኢትዮጵያውያን ታፍነው ሞተው ተገኝተዋል፤ መንገዳቸው ወደ ደቡብ አፍሪካ ነበር። ደርሰው ሱቅ ከከፈቱት መካከል ደግሞ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2008 እና በ2015 በተነሡት የውጭ ዜጎች ላይ ባነጣጠሩ ጥቃቶች ንብረታቸው የተዘረፈባቸው፣ ነፍሳቸውን ለማዳን የሸሹ አሉ። በዚህ ዋጋ የተገኘ ገንዘብ በወሬ ሊገዛበት አይገባም።

ስለዚህ መኪና ልትገዙ ስትሉ፣ ገንዘቡን የሚልከው ልጅ በስልክ፣ እናንተ እዚህ ሆናችሁ አብራችሁ እነዚህን ጥያቄዎች በወረቀት ላይ መልሱ። ይህ መኪና በወር ስንት ያስገባል፣ ስንት ይበላል? ዋጋው ይወጣል ያልነው በምን ምክንያት ነው፤ ያ ምክንያት ቢጠፋስ? ትርፉን ስናሰላ በብር ብቻ ነው ወይስ በምንዛሪውም? ሊብሬው በማን ስም ነው፣ ዕዳና እገዳ አለበት ወይ? በዚህ ገንዘብ ሌላ ምን ሥራ ይሠራ ነበር? መልሱ ከተጻፈ በኋላም መኪናው የሚያዋጣ ከሆነ ግዙት፤ አሠሩት። መልሱ «ዋጋው ይወጣል ይባላል» ብቻ ከሆነ ግን ገንዘቡን ወደሚሠራ ነገርና ወደሚማር ሰው አዙሩት። የሀዲያና የከምባታ ሕዝብ ሀብቱን ያቆየው የሚራባውን በመምረጥ ነው፤ ዛሬም ከዚህ የተሻለ መመዘኛ የለንም።